የሚከራይ ቤት የመድንና የዓመት ወጪ ሂሳብ እንዴት ይሠራል?

መሃል አዲስ አበባ ላይ ቤት ገዝቶ የሚያከራይ ሰው ወርሃዊ ኪራዩን በ12 ያባዛና "ይሄን ያህል አተርፋለሁ" ይላል። ከላዩ የሚነሳውን ግን አይጽፍም። ሂሳቡ መሠራት ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ይፋ በተደረገው ጣሪያ ልክ ብቻ ነው። ወጪ ስለጨመረብዎ ተከራዩ ላይ መጫን አይችሉም።

መጀመሪያ ወጪዎቹን ይዘርዝሩ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር (በ2015 ዓ.ም. ግምቱ ስለተሻሻለ የድሮ ደረሰኝ አይመኑ)፣ ካለበት የሊዝ ክፍያ፣ የባንክ ወለድ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ቀለምና ጥገና፣ የኮንዶሚኒየም ማህበር መዋጮ። እንደ ሰንጋተራ 40/60 ባለ ረጅም ሕንጻ ከሆነ ለሊፍትና ለውሃ ፓምፕ ብልሽት ለብቻው ያስቀምጡ፤ ኮሚቴው ተጨማሪ መዋጮ ሲጠይቅ ቀድሞ አይነግርዎትም።

ቀጥሎ መድን የሚገቡበትን መጠን ይወስኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቤቱን የገዙበትን ዋጋ አይጻፉ። ካዛንቺስ ወይም ልደታ ላይ ከከፈሉት ብር ብዙው የአካባቢው ዋጋ ነው፣ አካባቢ ደግሞ አይቃጠልም። የሚያስፈልገው ቤቱ ቢወድም ዛሬ መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ነው። አንድ ተቋራጭ የወቅቱን የካሬ ሜትር ዋጋ ከነፊኒሺንጉ ይጠይቁ፣ በስፋቱ ያባዙ፣ ፍርስራሽ ማንሻ ይጨምሩ።

አረቦን (ለመድን ድርጅቱ የሚከፍሉትን ክፍያ) ለመቀነስ ብሎ መጠኑን ማሳነስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው። አሁንም የሚሠራበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ካሳውን በዚያው ልክ ያሳንሰዋል። 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ2 ሚሊዮን መድን ገብቶ ወጥ ቤቱ ተቃጥሎ 600,000 ብር ቢጎዳ፣ የሚከፈለው 300,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ (ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት ድርሻ) ይቀነሳል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሴራሚክ፣ የኬብልና የሊፍት ዕቃ ዋጋ ስለናረ፣ ከዚያ በፊት የተገባ ፖሊሲ (የመድን ውል) ሳይከለስ ከታደሰ ያለጥርጥር አንሷል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላም አለ፦ አራተኛ ፎቅ ያለ ቤት ብቻውን መልሶ አይሠራም። ማህበሩ ለሕንጻው መድን ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልገባ ስብሰባ ላይ ያንሱት።

ከዚያ ፖሊሲው ምን እንደሚሸፍን ያንብቡ። መሠረታዊው የእሳት መድን በአብዛኛው እሳትና መብረቅ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ሁከትና የቧንቧ መፈንዳት ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። በ2017 የፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና የመንቀጥቀጡን ባይተዉት ይሻላል። በእኔ አስተያየት ግን ከእሳት ይልቅ ውሃ ነው የሚያስቸግረው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ተከራዩ ቧንቧውን ከፍቶ ሲያየው ደረቅ ነው፣ ሳይዘጋ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ውሃው ሲመጣ የታችኛው ቤት ጣሪያ ጠብታ ይጀምራል። የፈነዳ ቧንቧና የተረሳ ቧንቧ ለመድን ድርጅት አንድ አይደሉም፤ ስለ ሁለቱም ለየብቻ ይጠይቁ፣ ለጎረቤት የሚደርስ ጉዳትን የሚሸፍን የኃላፊነት መድንም ያስጨምሩ።

የመድን ቅጹ ላይ ቤቱ እንደሚከራይ ይጻፉ። "የምኖርበት ነው" ብሎ አረቦን ማስቀነስን የሚመክሩ ደላሎች አሉ፤ ካሳ ሲጠየቅ እነሱ አይገኙም። የተከራዩ ቲቪና ሶፋ በእርስዎ ፖሊሲ እንደማይሸፈን ለራሱ ይንገሩት።

በመጨረሻ ደረሰኝ። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ለኪራይ ገቢ ግብር ሲያሳውቅ የመድን አረቦን፣ ጥገናና የብድር ወለድ ተቀናሽ ይሆኑለታል። ያለ ደረሰኝ በእጅ የከፈሉት የቧንቧ ሠራተኛ ግን ከኪስዎ ወጥቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ዕቃውን ቢያንስ ደረሰኝ ከሚቆርጥ ሱቅ ራስዎ ይግዙ።