ፋይሎችን በአምስት ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ ማስቀመጥ፦ የታሆ-ላፍስ አዘገጃጀት

ታሆ-ላፍስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ትርፍ የዲስክ ቦታቸውን አዋጥተው፣ ሁሉን የሚይዝ አንድ ሰርቨር ሳያስፈልጋቸው፣ ፋይል እንዲያስቀምጡ ያስችላል። ፋይሉ ከላኪው ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት ተመስጥሮ ስለሚከፋፈል፣ ቁራጩ የደረሰው ሰው ይዘቱን ማንበብ አይችልም።

በመጀመሪያ ሁልጊዜ ከማይጠፉት ኮምፒውተሮች አንዱን አስተዋዋቂ አድርገው ይምረጡ። ሥራው ሌሎቹን ማገናኘት ብቻ ሲሆን፣ የሚያወጣውን ረጅም አድራሻ በየኮምፒውተሩ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በዚያው ፋይል ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ሳይነካ የሚቀረውን ቦታ፣ ለምሳሌ 50 ጊጋባይት፣ ይወስኑ፤ ዲስኩ የሞላበት ሠራተኛ ሶፍትዌሩን ለማጥፋት ማንንም አያስፈቅድም።

ዋናው ውሳኔ የሦስቱ ቁጥሮች ነው። ሶፍትዌሩ ሲጫን ፋይሉን በ10 ቁራጭ ያዘጋጃል፣ ማንኛቸውም 3ቱ ከተገኙ መልሶ ይገጣጥመዋል፣ ቁራጮቹም ቢያንስ በ7 ኮምፒውተሮች ላይ ካልተሰራጩ ፋይሉን አልቀበልም ይላል። አምስት ኮምፒውተር ብቻ ያለው ቢሮ ይህን ሳይቀይር ከጀመረ የመጀመሪያው ፋይል ይመለስበታል። ለአምስት ኮምፒውተር እኔ የምመርጠው ጠቅላላውን 5፣ ለመክፈት የሚያስፈልገውን 2፣ ለመቀበል የሚበቃውን 4 ማድረግ ነው። በዚህ አሠራር 1 ጊጋባይት ፋይል በድምሩ 2.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ቁራጮቹ በአምስቱም ላይ ከተሰራጩ ሦስት ኮምፒውተሮች ቢበላሹም ይከፈታል። ፋይሉን እንዳለ በሦስት ቦታ መገልበጥ ግን 3 ጊጋባይት ወስዶ የሚቋቋመው የሁለት ኮምፒውተር ብልሽት ብቻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ኮምፒውተሮቹ በአንድ ምክንያት አብረው የማይጠፉ ከሆነ ነው። አምስቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ መብራት ሲሄድ አብረው ይጠፋሉ፤ ስርቆት ወይም እሳት ቢደርስ ደግሞ መረጃው ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለቱን በሌላ ሕንፃ ወይም ቅርንጫፍ ማኖር ይገባል።

እያንዳንዱ ፎልደር የሚከፈተው በረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ሲሆን፣ ይህ ቁልፍ ከጠፋ የሚተካው አካል የለም። የዋናውን ፎልደር ቁልፍ አትመው ከቢሮው ውጭ ያስቀምጡ፤ በሥሩ ያሉት ሁሉ በእርሱ ይገኛሉ።

የተበላሸ ኮምፒውተር በአዲስ ሲተካ የጠፉት ቁራጮች በራሳቸው አይመለሱም። የፍተሻና የጥገና ትእዛዙን አንድ ሰው በየሳምንቱ ማስኬድ አለበት። ተራው ፍተሻ ቁራጩ መኖሩን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ አልፎ አልፎ እያንዳንዱን ቁራጭ አውርዶ የሚያረጋግጠውን፣ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውን ፍተሻ ሌሊት ላይ ማስኬድ ይመረጣል።