ጽሑፉን ከማንበብዎ በፊት ቅርጹን ይለዩ

አዲስ አሽከርካሪዎች የመንገድ ምልክቶችን አንድ በአንድ በቃላቸው ለመያዝ ሲደክሙ ሳይ ያሳስበኛል፤ አስቀድሞ ቅርጽንና ቀለምን መለየት ሥራውን እጅግ ያቀላልና። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመውን የመንገድ ምልክቶች ስምምነት በሚከተሉ አገሮች በአብዛኛው ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊ ክብ ደግሞ ያስገድዳል። «ቁም» የሚለው ምልክት ስምንት ማዕዘን፣ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለው ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሦስት ማዕዘን በመሆኑ፣ ጭቃ ፊቱን ቢሸፍነው ወይም ከጀርባው ቢታይ እንኳ ይታወቃል፤ ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው አሽከርካሪ የመቆም ወይም ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት እርስዎም መረዳት ይችላሉ።

አስፋልት ላይ የተሠመረ ያልተቆራረጠ መስመር አይታለፍም፤ የተቆራረጠው ግን መንገዱ ነጻ ሲሆን ይታለፋል። ብዙዎችን የሚያደናግረው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠመሩ ነው፤ እርስዎን የሚመለከተው ወደ እርስዎ የቀረበው መስመር ነው። ቢጫ መብራት እንዲፈጥኑ አይፈቅድም፤ በደኅና መቆም እስከማይቻልበት ርቀት ድረስ ካልተጠጉ በስተቀር ይቁሙ። መንገድ ላይ የቆመ የትራፊክ ፖሊስ የሚሰጠው የእጅ ምልክት ግን ከመብራቱም፣ ከሰሌዳውም፣ ከመስመሩም ይቀድማል።