የቫይታሚን ቢ12 መርፌ፦ ከመወጋትዎ በፊት፣ ሲወጉና ከተወጉ በኋላ

«ድካም ድካም ይለኛል፤ እስቲ የቫይታሚን መርፌ ልወጋ» ብሎ ወደ ፋርማሲ የሚሄድ ብዙ ነው። መርፌው ራሱ ብዙም አያስፈራም። ጉዳቱ ምርመራ ሳይደረግ ሲወጉት ነው፤ የእጥረቱን ምክንያት ይሸፍናል፣ በኋላ የሚደረገውንም የደም ምርመራ ያበላሻል።

ከቢ ቫይታሚኖች መካከል ብዙ ጊዜ በመርፌ የሚታዘዘው ቢ12 ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ወደ ደም እንዲገባ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የሰውነት መከላከያ የጨጓራን ሴሎች ሲያጠቃ ይህ ፕሮቲን ይጠፋል፣ ሥጋ የጠገበ ሰው እንኳ ቢ12 ያጥረዋል። በዚህ ሳቢያ የሚመጣው የደም ማነስ ድሮ ገዳይ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. የቦስተኖቹ ሐኪሞች ማይኖትና መርፊ በሽተኞቻቸውን በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ከሞት ማትረፍ ቻሉ፤ በ1934ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ቫይታሚኑ ራሱ ተነጥሎ የተገኘው ግን በ1948 ነው። መርፌው የጨጓራንና የአንጀትን መንገድ አልፎ በቀጥታ ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ያን ሁሉ ጉበት መብላት ቀርቷል።

1. መጀመሪያ ደምዎን ያስመርምሩ

የእግር መደንዘዝ፣ እንደ መርፌ መውጋት ወይም ማቃጠል፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የቀላና የለሰለሰ ምላስ፣ መርሳት፤ እነዚህ ከድካሙ ጋር ካሉ ሐኪሙ ሙሉ የደም ቆጠራና የቢ12 መጠን ያዝዛል። ብዙ ላብራቶሪዎች ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች የሆነውን እጥረት ይሉታል፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለው አጠራጣሪ ነው። ደም ማነስ የለብዎትም ማለት እጥረት የለም ማለት አይደለም፤ ነርቭ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። አንዴ ከተወጉ በኋላ ቁጥሩ ስለሚያሻቅብ ምርመራው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የነርቭ ምልክቱ ከበረታ ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ውጤት ሳይጠበቅ ሕክምናው ሊጀመር ይችላል።

2. ለምን እንዳጠረዎት ይወቁ

ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሳያቋርጥ የሚውጥ፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይናገር። ጾምስ? ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው፤ ሽሮና ጎመን የላቸውም። ሆኖም ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች በፍስክ ወራት ሥጋና ወተት የሚያገኝን ሰው ሁዳዴ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያጎድለውም። በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላው ሌላ ጉዳይ ነው። ቢ12 ያጠራት እናት የምታጠባው ሕፃን ደግሞ ከእርሷ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

ምክንያቱ የምግብ ከሆነና ምልክቱ ቀላል ከሆነ በቀን 1000 ማይክሮግራም የሚዋጥ ክኒን ብዙዎችን ይበቃል። ጨጓራው ለማይቀበል ወይም ነርቩ ለተነካ ግን መርፌው ይመረጣል።

3. መርሐ ግብሩን በጽሑፍ ይቀበሉ

ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች አሉ፤ ሃይድሮክሶኮባላሚንና ሲያኖኮባላሚን። የመጀመሪያው ሰውነት ውስጥ ረዘም ይቆያል፤ በብሪታንያ የተለመደው አሰጣጥ 1000 ማይክሮግራም በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በየሁለትና ሦስት ወሩ ነው። ሲያኖኮባላሚን መጀመሪያ ተቀራርቦ ይሰጥና ከዚያ በየወሩ ይቀጥላል። ለእርስዎ የሚስማማውን ሐኪሙ ይወስናል።

በፋርማሲ «የነርቭ ቫይታሚን» ተብለው የሚሸጡት መርፌዎች ብዙ ጊዜ ቢ1ን፣ ቢ6ንና ቢ12ን አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እግር ያደነዝዛል፤ ለመደንዘዝ ብሎ በየሳምንቱ የሚወጋ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

4. ሲወጉ

አምፑሉን ይዘው ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ፈሳሹ ቀይ ወይም ሮዝ ቢመስል አይደንግጡ፣ የቢ12 ተፈጥሯዊ ቀለሙ ነው። ሲሪንጁ እርስዎ እያዩ ከማሸጊያው ይከፈት። የሚሰጠው በትከሻ፣ በጭን ወይም በዳሌ ጡንቻ ነው፤ በግሉኮስ ውስጥ ጨምሮ በደም ሥር ማስገባት ለዚህ ሕክምና አያስፈልግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ፣ ከዚህ በፊት የቢ12 መርፌ ካሳከከዎት ወይም በዘር የመጣ የዓይን ነርቭ በሽታ በቤተሰብ ካለ አስቀድመው ይናገሩ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ እዚያው ጥቂት ቆዩ፤ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልጋል።

5. ከዚያ በኋላ

አጥንት መቅኒው በሳምንት ገደማ አዳዲስ ቀይ ሴሎችን ያመርታል፤ ሄሞግሎቢን ለመስተካከል ሁለት ወር አካባቢ ይፈጃል። ደም ማነሱ ከባድ ከነበረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ፖታሲየም ስለሚወርድ ክትትል ያሻል። ነርቭ ግን ችኩል አይደለም፤ ወራት ይወስዳል፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ጉዳት ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። «ተሻለኝ» ብሎ የሚያቋርጥ ብዙ ነው፤ ጨጓራቸው ፕሮቲኑን ለማይሠራ ሰዎች ግን ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12ን ሳይሞሉ ፎሊክ አሲድ ብቻ መዋጥም ደሙን አሻሽሎ ነርቩን ሲጎዳ ሊተወው ይችላል።

የመርፌውን ዓይነት፣ መጠንና የወሰዱበትን ቀን በወረቀት ይያዙ። ክሊኒክ ሲቀይሩ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ የሚቀጥለው ነርስ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንን ነው።