የልብ ቫልቭ ቀይራችሁ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኪኒን) ለምትወስዱ፣ ግሩፕና ስልክ ላይ የሚሰሩ ስህተቶች

ቫልቭ የቀየርን ሰዎች የምንገናኝበትን የቴሌግራም ግሩፕ ልተች አይደለም፣ እንደውም ዋርፋሪን ሲጠፋ የትኛው ፋርማሲ እንደገባ ቶሎ የሚነግራችሁ እሱ ነው፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የሜካኒካል ቫልቩ ቀጭ ቀጭ እንቅልፍ ሲነሳችሁም "አይዞሽ የኔም እንደዛ ነው ይለመዳል" የሚል ቮይስ ከየትም አታገኙም። ግን ነገር የሚበላሽበት ቦታ አለ።

ዋናው ዶዝ መኮራረጅ ነው። አንዱ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) 1.8 የሆነበትን የላብ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይለቃል፣ ሌላው "እኔ ግማሽ ኪኒን ጨምሬ ነው የተስተካከለልኝ" ይለዋል፣ በቃ ጨመረ። ኧረ የተቀየረው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ይሁን አኦርቲክ የሚባለው ማን ጠየቀው? ለሜካኒካል ሚትራል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፣ ለአኦርቲክ ብዙውን ጊዜ ከዛ ዝቅ ይላል። ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ስትሮክ ያመጣል፣ ሲበዛ ደግሞ ያደማል፣ ስለዚህ ወረቀቱን መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ላኩ።

"ጎመን ክልክል ነው" የሚለውም ስህተት ነው። ክልክል አይደለም፣ ችግሩ መጠኑ ሲዘበራረቅ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን ይበላል፣ በቫይታሚን ኬው ምክንያት አይኤንአር ይወርዳል፣ ፋሲካ ላይ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮ ሲተካ ደግሞ መልሶ ይወጣል። ጾም ሲገባም ሲፈታም ተመርመሩ፣ የምትጾሙ መሆናችሁንም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ወገቤን አመመኝ ላለ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን የሚያዝ "ዶክተር" ግሩፑ ውስጥ አይጠፋም። ከዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስ ያባብሳሉ።

ስማርት ሰዓት ገዝቶ "ምቴ 78 ነው ደህና ነኝ" ማለትም አለ። ሰዓቱ ምት ይቆጥራል እንጂ የደም መርጋት አያይም። አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተያዘ፣ እጅ ከዛለ ግሩፕ ላይ መጻፍ ትታችሁ 907 ደውሉ ወይ ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ ሆስፒታል።

የስልክ አላርሙን ደግሞ "በኋላ እውጣለሁ" ብላችሁ አታጥፉት። ከረሳችሁ በዛው ቀን ባስታወሳችሁ ሰዓት ውሰዱ፣ ቀኑ ካለፈ ግን ለማካካስ ሁለት አትዋጡ፣ መዝለላችሁን መዝግባችሁ ቀጣዩ ምርመራ ላይ ተናገሩ። ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጉም "ቫልቩ ተቀይሯል ምን ያደርጋል" የሚል ሰምታችሁ አታቁሙ፣ አዲሱ ቫልቭ የሩማቲክ ትኩሳቱን ተመልሶ እንዳይመጣ አያግደውም።