ሳይጠየቅ የሚወሰድ ሞዴስ፦ በሐዋሳ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የንጽሕና መጠበቂያ በነፃ እንዴት ይቀርባል

ሐዋሳ ውስጥ ከሱቅ ሳሙና ሲገዙ ባለሱቁ እንዲሁ አንሥቶ ያቀብልዎታል፤ ሞዴስ ሲገዙ ግን ማንም ሳይጠይቀው በጋዜጣ ይጠቀልልና በጥቁር ፌስታል አድርጎ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው ለገዢዋ ክብር ብሎ ነው፤ ሆኖም ሞዴስ በነፃ ለማቅረብ የተነሣ ሰው ከገንዘብ በፊት የሚገጥመው እንቅፋት በዚያው መጠቅለያ ውስጥ አለ። ከዲላ ወይም ከይርጋለም በሚኒባስ መጥታ መናኸሪያ ስትወርድ የወር አበባዋ ድንገት የመጣባት ሴት፣ ሞዴሱ በዘበኛው ወይም በሒሳብ ተቀባዩ እጅ እንዳለ ብታውቅ እንኳ፣ ከመጠየቅ ይልቅ ሶፍት አጣጥፋ መንገዷን ትቀጥላለች። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ሁሉ፣ ከቦታ መረጣው እስከ ቆሻሻ ማስወገጃው ድረስ፣ ሴቲቱ ማንንም ሳትጠይቅ የምትወስድበትን መንገድ የሚያስረዳ ነው።

ሐሳቡ በሌሎች አገሮች ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የትምህርት ሕጓን አሻሽላ መንግሥት ለተማሪ ልጃገረዶች የንጽሕና መጠበቂያ በነፃ እንዲያቀርብ ደንግጋለች። የስኮትላንድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2020 ያጸደቀውና ከኦገስት 15 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደሮች ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በዓይነቱም በዓለም የመጀመሪያው ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አስገዳጅነቱ አይደለም። አቅርቦቱ በቀላሉ የሚገኝና የተጠቃሚዋን ክብር የሚጠብቅ እንዲሆን፣ የምርቱ ዓይነት ከአንድ በላይ እንዲሆን፣ ቦታው ከመወሰኑም በፊት ተጠቃሚዎቹ እንዲጠየቁ ማዘዙ ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ሣጥን የሚሰቅል ሰውም እነዚህን ሦስት ነጥቦች ይዞ ቢነሣ ይበጀዋል።

አንደኛ፦ ቦታውን ይምረጡ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሞዴስ ግዢ ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሴቶች በብዛት የሚያልፉባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ፣ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ ዩኒቨርሲቲው። ሁሉም ያጓጓሉ፤ እርስዎ ግን በአንድ ብቻ ይጀምሩ። የመረጡት መጸዳጃ ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ቢያንስ በበርሜል የሚቀመጥ ውሃ፣ በየሳምንቱ የማትቀያየር የጽዳት ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። በሩ የማይዘጋ ከሆነ ሞዴሱን ያገኘችው ሴት የምትቀይርበት ቦታ የላትምና፣ መቀርቀሪያውን ማሠራት ከሣጥኑ ይቀድማል፤ ወጪውም ከሁሉም ያነሰ ነው።

ቦታው እንደ ተመረጠ አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን ወስደው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በሴቶች በኩል የሚገቡትን ይቁጠሩ። በመሐሉም ጥቂቶቹን ሣጥኑ የት ቢሆን እንደሚመቻቸው ያስጠይቁ። ወንድ ከሆኑ ይህን ሥራ ለሴት ባልደረባዎ ይተዉ፤ በሴቶች መጸዳጃ በር ላይ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የተቀመጠ ወንድ የሚያገኘው መልስ ዝምታ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ፈቃድ ይያዙ፣ ኃላፊዋንም ይወስኑ

ብዙዎቹ የሕዝብ መጸዳጃና ሻወር ቤቶች በማኅበር በተደራጁ ወጣቶች የሚተዳደሩ ስለሆኑ፣ ወደ ቀበሌው ከመሄድዎ በፊት ከእነርሱ ጋር ይስማሙ። ከዚያ በኋላ ለቀበሌው የሚገባው ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፦ ምን እንደሚቀርብ፣ የት እንደሚሰቀል፣ ማን እንደሚሞላው፣ ያገለገለውን ማን እንደሚያነሣው። ለሴቶችና ሕፃናት እንዲሁም ለጤና ጽሕፈት ቤቶች ግልባጭ ያድርጉ።

ከደብዳቤው ይልቅ የሚከብደው ሣጥኑን በየቀኑ የምታይ ሰው ማግኘት ነው። ይህ ሥራ በተፈጥሮው የጽዳት ሠራተኛዋ ነው፤ ጭማሪ ሥራ ነውና ወርኃዊ አበል ይቆረጥላት። «ለጽድቅ ነው» ተብሎ በላይዋ የተጫነ ሥራ በሁለተኛው ወር ይቆማል፤ ሲቆምም የሚወቀሰው ሠራተኛዋ እንጂ አበሉን የነፈገው አይደለም።

ሦስተኛ፦ ስንት እንደሚያስፈልግ ያስሉ

የወር አበባ ዑደት በአብዛኛው ከ21 እስከ 35 ቀን፣ የሚፈስበት ጊዜም ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ለስሌት ያህል 28 ቀንና 5 ቀንን ይያዙ። በአንድ ቀን ከሚገቡ 100 ሴቶች ውስጥ 18 ያህሉ የወር አበባ ላይ ይሆናሉ ማለት ነው። ያረገዙትና ያረጡት ይህን ይቀንሱታል፣ አብዛኞቹም የራሳቸውን ይይዛሉና አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 6 ሴቶችን፣ ይውሰዱ። እያንዳንዷ አንድ ብትወስድ በወር 180፣ አሥር አሥር በያዘ እሽግ 18 እሽግ ይመጣል። ለመጀመሪያው ወር ግን እጥፉን ይግዙ፤ ምክንያቱን ስለ ሣጥኑ ስናገር አነሣዋለሁ።

አራተኛ፦ ዓይነቱን ይምረጡ

ለሕዝብ ሣጥን የሚሆነው እያንዳንዱ በየራሱ የታሸገ፣ ሽቶ የሌለው የሚጣል ሞዴስ ነው። አንድ ሞዴስ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀየር ስላለበት፣ ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት ሁለት ብትወስድ አልሰረቀችም። የቀንና የሌሊት፣ ማለትም ቀጭንና ወፍራም፣ ተብሎ ሁለት ዓይነት ቢቀርብ ይበቃል። ሲገዙ የእሽጉን አለመቀደድና በላዩ የተጻፈውን ቀን ይመልከቱ፤ እርጥበት ያገኘውን ካርቶን በቅናሽ ቢያቀርቡልዎት አይቀበሉ። ታምፖን በአገራችን ብዙም ስላልተለመደ፣ ከ8 ሰዓት በላይ መቆየቱም ለከባድ ሕመም ሊዳርግ ስለሚችል፣ ያለ ማብራሪያ ሣጥን ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግለው የጨርቅ ሞዴስ ሌላ ቦታ አለው። መቐለ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል። ይህ ዓይነቱ ሞዴስ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ለተማሪዎችና ቤታቸው ማጠቢያና ማስጫ ላላቸው፣ ከሁለት የውስጥ ሱሪ ጋር በከረጢት አድርጎ መስጠት እጅግ ይጠቅማል፤ መናኸሪያ ላይ ድንገት ለደረሰባት ሴት ግን የረጠበ ጨርቅ ይዛ እንድትሄድ መጠየቅ ነው። ልብስ ሰፊ ካለዎትና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቁርጥራጭ በነፃ የሚሰጥዎት ካገኙም ለሚሰፋው ሞዴስ ጥጥ የሆነውን ብቻ ይለዩ፤ ሰው ሠራሹ ጨርቅ ፈሳሽ አይመጥም።

አምስተኛ፦ ሣጥኑን ያሠሩ

የመጀመሪያውን ሣጥን ያሠራነው በእንጨት፣ ባማረ ቀለም፣ በጓጉንቸር ነበር። «እንዳይሰረቅ» ብለን ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የወጣው ሦስት ሞዴስ ብቻ ነው። ፍላጎት የለም ብለን ልናነሣው ስንል ሴትዮዋ፣ «ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ስላለ እኮ ነው የማይጠይቁኝ። እኔስ በዕድሜያቸው ብሆን እጠይቅ ነበር?» አለችኝ። ጓጉንቸሩን ፈታነው፤ ሣጥኑ በሁለት ቀን ውስጥ ባዶ ሆነ። ይኼኔ ደግሞ ተሰረቅን ብለን ተነሣን። «ሙሉት፤ ነገም እንዳለ ሲያውቁ ይተዉታል» አለች፤ በአራተኛው ሳምንት አወሳሰዱ እኛ ካሰላነው ቁጥር አጠገብ ረጋ። ሰው እሽጉን የሚያነሣው ነገ አይገኝም ብሎ ሲያስብ ነውና፣ የመጀመሪያው ወር እጥፍ ግዢ ለዚህ እምነት የሚከፈል ነው።

ሣጥኑን ማንኛውም እንጨት ወይም ብረታ ብረት ቤት ይሠራዋል። ስፋቱ ከታሸገው ሞዴስ በሁለት ሳንቲሜትር ቢበልጥ፣ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ አንድ እየተሳበ የሚወጣበት 4 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ቢኖረው ይበቃል። የሚሞላበት የላይ ክዳን ሊቆለፍ ይችላል፤ የታችኛው ክፍተት ግን ዘወትር ክፍት ይሁን። ከፊት ለፊቱ ጠባብ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ ቢገባበት ሠራተኛዋ ሳትከፍት መጠኑን ታያለች። ክዳኑ ዘመም ያለ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ከሆነ የሳሙና ማስቀመጫ ይሆናል። እንጨት ከሆነ ውስጡም ጭምር ቀለም ይቀባ፤ መታጠቢያው አጠገብ ያልተቀባ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ሞዴሱም ይረጥባል።

የሚሰቀለው በሴቶች ክፍል ውስጥ፣ ከተቻለ በር ከሚቆለፍበት ከእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ነው። ሒሳብ ከሚከፈልበት በር ላይ ፈጽሞ አይሰቀል፤ ወንዶቹም የሚሰለፉት እዚያው ነው። ከወለል 120 ሳንቲሜትር፣ በዊልቸር ለሚገቡ በተዘጋጀው ክፍል ደግሞ 100 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ «በነፃ ነው። የሚያስፈልግሽን ውሰጂ። መጠየቅ አያስፈልግም።» ይኸው በሲዳምኛም ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉም የሞዴስ ሥዕል ይጨመር። የለጋሾች ስምና ዓርማ በሣጥኑ ላይ ባይለጠፍ ደግ ነው፤ ሴቲቱ ለመቀየር እንጂ ለማመስገን አልገባችም።

ስድስተኛ፦ ያገለገለው የት እንደሚጣል ይወስኑ

ይህ ሳይታሰብበት የተሰቀለ ሣጥን መጸዳጃ ቤቱን ያበላሻል። ሞዴስ ውስጥ ፈሳሽ ሲያገኝ የሚያብጥ ነገር አለ፤ ወደ ቱቦ ከተጣለ ቱቦውን ይደፍናል፣ ወደ ጉድጓድ ከተጣለ ደግሞ ሳይበሰብስ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ፍሳሽ የሚመጥጠውን ቦቴ ቱቦም ይዘጋል። የመጸዳጃ ቤቱ አስተዳዳሪዎች «ሣጥናችሁን አንሡልን» የሚሉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ እውነታቸውንም ነው።

መፍትሔው በየክፍሉ በእግር የሚከፈት ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ፣ ከውስጡም ፌስታል ማድረግ ነው። ግልጽ ባልዲ አይሁን። መጠቅለያ የሚሆን የተቆራረጠ ጋዜጣ በአጠገቡ ይንጠልጠል፤ የባለሱቁ ጋዜጣ በትክክለኛው ቦታው የሚገኘው እዚህ ነው። ሠራተኛዋ ጓንት ይኑራት፤ ፌስታሉን በየቀኑ አሥራ ታውጣ። ደረቅ ቆሻሻ ከሚሰበስበው የአካባቢው ማኅበር ጋር ቀኑን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሰብሳቢዎቹ ምን እንደሚያነሡ ሊነገራቸው ይገባል። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከሆነ ማቃጠያ ሊኖር ስለሚችል በዚያ ይጠቀሙ፤ በሜዳ ላይ በተከፈተ እሳት ማቃጠል ግን ጭሱ ፕላስቲክ ነውና ይቅር። የሐይቅ ዳር ሣጥን ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ ነፋስና ጎርፍ ያስገቡት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡና መዝገቡ

ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ያስፈልጋል። አዲስ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል፤ ለአንድ ሣጥን ግን ቀድሞ ከቆመ እድር፣ የሴቶች ማኅበር ወይም የተማሪዎች ክበብ ጋር መሥራት ይቀላል። ገንዘቡ በዚያ አካል ደረሰኝ ይግባ።

ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ሜይ 28 ላይ ነው የሚውለው፤ በእኛ ግንቦት 20። በዚያ ሳምንት ካርቶን በካርቶን ላይ ይከመራል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ጳጉሜን ላይ ግን ሣጥኑ ባዶ ነው። ስለዚህ ለለጋሾች የሚቀርበው ጥያቄ «ግንቦት ላይ ምን ያህል ይሰጣሉ?» ሳይሆን «የትኛውን ወር ይይዛሉ?» ቢሆን ይሻላል። አንድ መሥሪያ ቤት መስከረምን፣ አንድ የጓደኛሞች ዕቁብ ጥቅምትን እያሉ ወሮቹን ማከፋፈል ይቻላል። በአንድ ጊዜ የመጣ ብዙ ካርቶን ካለ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

መዝገቡ አንድ ደብተር ነው። ሠራተኛዋ ቀኑን፣ ያስገባችውን ብዛት፣ ባዶ ሆኖ ያገኘችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ የወሰደችው ሴት ስም፣ ፊርማ፣ ዕድሜ አይጻፍም፤ ለጋሽ ቢጠይቅም አይጻፍ። በሦስት ወር ውስጥ ደብተሩ የትኛው ቀን ብዙ እንደሚወሰድ ይነግርዎታል፤ ሁለተኛውን ሣጥን መቼና የት እንደሚሰቅሉ የሚወስኑትም ከዚያ በኋላ ነው። በመሐሉ ገንዘብ ካነሰ ሣጥኑን ባዶውን አይተዉት። ሣጥን አለ ብላ ገብታ ባዶ የምታገኝ ሴት ሣጥኑ ጭራሽ ባይኖር ከምትቸገረው የበለጠ ትቸገራለችና፣ እስኪሞላ ድረስ አውርደው ያስቀምጡት፣ ጽሑፉንም ያንሡ።