የፒዛ ጉርሻ፦ አንድ አፍ የምትሞላ የቡና ቁርስ

እንግዳ መጣ፣ ቡናው ተቆላ፣ ቁርሱስ? ፈንዲሻ ሁሌም ፈንዲሻ ነው። ቆሎም ቆሎ ነው። ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ግን አንዳንዴ ሰው ዞር ብሎ «ይቺን ደግሞ ማን ሠራት?» ሲል መስማት ያምረኛል። ለዚያ ቀን የምሠራት ነገር አለችኝ። ውስጧ ቲማቲም፣ ቺዝ፣ ቃሪያና በሶብላ፣ ውጪዋ ለስላሳ ዳቦ፣ መጠኗ አንድ ጉርሻ። እኛ ቤት «የፒዛ ጉርሻ» ነው የምንላት።

ሙሉ ፒዛ ለምን አልሠራም? ጣጣው ነዋ። የቤት ፎርኖ በአንዴ አንድ ፒዛ ነው የሚችለው፣ ሁለት ሰው ትኩሱን ሲበላ ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ የቀረው ደግሞ ይቀዘቅዝና እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ቢላዋ ይፈልጋል፣ ሳህን ይፈልጋል። ጉርሻዋን ግን በአንድ እጅ ሲኒ በሌላው እሷን ይዞ ወሬ መቀጠል ይቻላል።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ፦ የዚህ ነገር ጠላቱ ውሃ ነው።

ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። እህቴ የተመረቀች ቀን ባሕር ዳር እኛ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ደግሞ ጉራዬን ልነዛ ተነሣሁ። ቲማቲሙን ጥሬውን ከተፍኩት፣ አይቡን ከነአጓቱ ቀላቀልኩት፣ ሞላሁት፣ ፎርኖ ከተትኩት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ሆዱ ተተረተረ። ትሪው ላይ ቀይ ውሃ ተንጣለለ፣ ከሥር ያለው ሊጥ እንደ ገንፎ ቀረ። ጎረቤታችን፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ አንዷን አንሥተው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይቺ እኮ አልቅሳለች» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን በሏት፣ እግዜር ይስጣቸው።

ስለዚህ ከመሙያው እንጀምራለን። ሊጥ ውስጥ የሚገባው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሆነ ቀድሞ መሠራት አለበት፣ ከተቻለ እንዲያውም በዋዜማው ማታ።

አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም ግዙ። ክብ ከሆነው ይልቅ እንቁላል የመሰለው ረዘም ያለው ይሻላል፣ ሥጋው ብዙ ውሃው ትንሽ ነው። የፈላ ውሃ አፍሱበትና ላጡት፣ ከዚያ ክተፉት። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቁ። ከመራዊ፣ ከቆጋ መስኖ የሚመጣው ሽንኩርት ገበያ ላይ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ሽንኩርቱን በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ አራት ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ ሽታው ሲወጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ፣ ቀጥሎ ቲማቲሙን። ጨው፣ ቁንጥር ስኳር። የቡሬ በርበሬ ቤት ካለ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጣል አድርጉ። ጣሊያኖቹ ባያደርጉትም እኛ እናደርገዋለን።

አሁን ትዕግሥት ነው። ክዳን የለም፣ ውሃ መጨመር የለም። መካከለኛ እሳት ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ልክ የዶሮ ወጥ ቁሌት እንደምትጠብቁት እያማሰላችሁ ጠብቁት። መድረሱን በሰዓት አትለኩት። የእንጨት ማንኪያውን ድስቱ መሃል ላይ ጎትቱ። የሄደበት መንገድ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ የድስቱም ቂጥ ከታየ፣ ደርሷል። ውሃው ከግራና ከቀኝ መጥቶ መንገዱን ከዘጋው ገና ነው፣ አትሽወዱ። ያ ሁሉ ኪሎ ቲማቲም በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ አካባቢ ነው የሚሆነው። «ይሄ ለማን ይበቃል?» እንዳትሉ፣ ይበቃል።

ሲወርድ በሶብላውን ጨምሩ። ፒዛ ላይ የሚደረገው ባዚል የሚባለው ቅጠል የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛው ግን ጠንከር ያለ ነው፣ ስለዚህ የደረቀውን አሽታችሁ የሻይ ማንኪያ ግማሽ፣ እርጥብ ከሆነ አራት አምስት ቅጠል ከትፋችሁ ይበቃል። ኦሬጋኖ ካላገኛችሁ በሻይ የምንጠጣው ጦስኝ እሱን ይተካል፤ ምናልባትም ይበልጣል። ሁለት ቃሪያ ፍሬውን አውጥታችሁ በደቃቁ ከትፉና ለየብቻ ደረቅ መጥበሻ ላይ ለሁለት ደቂቃ አሙቁት። ቃሪያም ውሃ አለው።

ወደ ቺዙ እንሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አይብ እያለልኝ ለምን ቺዝ እገዛለሁ?» ይላል። አይብ ከአሬራ በእሳት የሚወጣ ነገር ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ በኮምጣጣነት የረጋ ወተት ደግሞ ቢሞቅ አይቀልጥም፣ አይለጠጥምም። እንዲያውም ሲሞቅ አጓቱን ይተፋል። የፒዛው ሞዛሬላ የሚረጋው በሌላ መንገድ፣ ሬኔት በሚባል ማርጊያ ነው፤ ከዚያም በሙቅ ውሃ እየታሸና እየተለጠጠ ይሠራል፣ ለዚህ ነው እንደ ክር የሚሳበው። እና አይብ ይጣል ወይ? ኧረ በጭራሽ! ጣዕሙ ከአይብ፣ ልጥጥነቱ ከቺዙ ይምጣ። 150 ግራም አይብ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሩና ጠብ የሚለው እስኪያቆም ጭመቁት፣ ከዚያ የሚከብድ ነገር ጫኑበትና ለአንድ ሰዓት ተዉት። 100 ግራም የፒዛ ቺዝ በጣት ጥፍር መጠን ቆራርጡ። ቺዙን አትፈቅፍቁት፤ ቁራጭ ከሆነ መሃል ላይ ተሰብስቦ ይቀልጣል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዋጋው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው 100 ግራም ብቻ ያልኩት።

ከዚህ ሌላ ሞርታዴላ በደቃቁ ከትፎ መጨመር ይቻላል። የተፈጨ ሥጋ ከሆነ ውሃው ጨርሶ እስኪደርቅና ድምፁ ከመፍላት ወደ መጥበስ እስኪለወጥ ድረስ በጥብስ ቅጠል አብስሉት። ሁሉን ባንድ ላይ ግን አትክተቱ። ሆዷ ትንሽ ነው።

ሊጡ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ውሃውን በአንዴ አትድፉት፣ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣም። ለዐሥር ደቂቃ እሹት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዱቄት አትጨምሩ፣ ታገሡት፣ እያሻችሁ ስትሄዱ ራሱ ይለቃል። በጣት ጫን ስትሉት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ዘይት ቀብታችሁ በፌስታል ወይም በክዳን ሸፍኑት።

እርሾውን ለምን አሳነስኩት? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ በዚያ ላይ ከተማዋ ሞቃት ናት፤ ከአንድ ሰዓት በታች ኩፍ ይልላችኋል። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ከፍ ትላላችሁ ግን ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ሰዓት አትዩ፣ ሊጡን እዩ። እጥፍ ሲሆን በቃው። ከዚያ ካለፈ ይኮመጥጣል፣ ሲጋገርም ይሟሽሻል።

አሁን መሙላት። ሊጡን ወደ 40 ቦታ ከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ ከትልቅ ለውዝ ከፍ፣ ከሎሚ ዝቅ ይበል፣ በሚዛን 20 ግራም አካባቢ። አድቦልቡሉና አምስት ደቂቃ አሳርፉት፤ ያላረፈ ሊጥ ስትዘረጉት ተመልሶ ይሸመቀቃል። ከዚያ መዳፍ ላይ በጣት ተጭናችሁ ክብ አድርጉት። ዳሩ ሳሳ፣ መሃሉ ወፈር ይበል፣ ምክንያቱም ዳሩ ኋላ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ይደራረባል፣ ሁሉም እኩል ከወፈረ ከሥር ያልበሰለ ቋጠሮ ይቀራል።

ከቲማቲሙ ስልስ የሻይ ማንኪያ ግማሽ መሃል ላይ፣ ቁንጥር አይብ፣ አንድ ቁራጭ ቺዝ፣ ትንሽ ቃሪያ። ዳሩን በፍጹም እንዳይነካ! ስልሱ ዘይት አለው፣ ዘይት የነካው ሊጥ አይጣበቅም፣ ያልተጣበቀ ደግሞ ፎርኖ ውስጥ አፉን ይከፍታል። ከነካ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ዳር ዳሩን እንደ ከረጢት ወደ ላይ ሰብስቡ፣ ቆንጥጡ፣ ጠምዘዝ አድርጉ፣ አሁንም ቆንጥጡ። ቋጠሮውን ወደ ታች አድርጋችሁ ትሪ ላይ ደርድሩ፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ይግባ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጠማማ ይሆናሉ። ምንም አይደል፣ እነሱ የልጆች ናቸው።

15 ደቂቃ አሳርፏቸው። እስከዚያ ፎርኖውን 200 ዲግሪ ላይ አሙቁት፣ በቀዝቃዛ ፎርኖ አትጀምሩ። ላያቸውን በእንቁላል አስኳልና በትንሽ ወተት ቀቡ፣ ሰሊጥ ወይም ጥቁር አዝሙድ ነስንሱ። 15 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። አንዷን አንሥታችሁ ሥሯን እዩ፣ ቡናማ ካልሆነች መልሷት። እንደወጡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ በትንሽ ነጭ ሽንኩርት አቅልጡና ቀቧቸው። የተነጠረ ቅቤ ከሆነ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ፒዛውን ይውጠዋል። እናቴ ግን «እሱ ነው የሚጥመው» ትላለች፣ እና እሷ ስትኖር በተነጠረው ነው የምቀባው።

ፎርኖ የሌለው ሰውስ? ድፎ ዳቦ በምን ነበር ሲጋገር የኖረው? ከላይም ከታችም እሳት፣ ነገሩ ይኸው ነው። ወፍራም ብረት ድስት ከሰል ላይ ጣዱ፣ ቂጡን ዘይት ቀቡ፣ ጉርሻዎቹን ደርድሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ክዳኑ ላይ ፍም ጨምሩ። ከሥር ያለው እሳት ከላይኛው ያነሰ ይሁን፣ አለዚያ ላዩ ሳይቀላ ሥሩ ከሰል ይሆናል። ከ12 ደቂቃ በኋላ ገልጣችሁ እዩ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ጠፍጠፍ አድርጓቸው፣ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ቀንሱ፣ በአክንባሎ ክደኗቸውና በየጎናቸው አራት አምስት ደቂቃ። ቂጣ መሳይ ይሆናሉ ግን ውስጣቸው ያው ነው። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ፎርኖውን አትክፈቱት። የቀረው ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ያልጨረሰውን በመጥበሻ ክዳን ገጥማችሁ ዝቅ ባለ እሳት ትጨርሱታላችሁ። እኔ ከሰሉን ቀድሜ አቀጣጥዬ ነው የምጠብቀው፣ ልምድ ነዋ።

ረቡዕና ዓርብስ? ሊጡ በዘይት ስለሆነ ድሮም የጾም ነው። አይብና ቺዙን ትታችሁ ድንች ቀቅሉ፣ ትኩሱን ፍጩት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በጨው አዋሕዱት፣ እሱ የቺዙን ልስላሴ ይሰጣል። እንጉዳይ ካገኛችሁ ውሃው እስኪደርቅ ጥበሱና ጨምሩ። እንቁላሉን፣ ወተቱንና ቅቤውን ትታችሁ ዘይትና ስኳር የሟሟበት ውሃ ቀቡ። የጣና ዓሣ ጠብሶ፣ እሾኹን ለቅሞ፣ ከስልሱ ጋር መሙላትም ግሩም ነው፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለየቤታችሁ ትቻለሁ፣ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

የተረፈ ካለ በማግስቱ ደረቅ መጥበሻ ላይ ክዳን ገጥማችሁ አሙቁት። ማይክሮዌቭ እንደ ላስቲክ ያደርገዋል።

ሰዓቱን በቡናው ለኩት። ቡናው ሲወቀጥ ፎርኖ ይግባ፣ አቦል ሲቀዳ ይወጣል። አቦል ላይ ግን ለማንም አትስጡ፣ ውስጡ ያለው ስልስና ቺዝ እሳት ነው፣ ምላስ ይልጣል። ቶና ላይ አቅርቡት። ለራሳችሁ ሁለት ደብቁ፣ እኔ ባልደበቅኩባቸው ቀናት በረካ ላይ የማገኘው ባዶ ትሪ ነው።