የደብተርን የመጀመሪያ ገጽ በሐረግ ማስጌጥ

መስከረም ሲጠባ ደብተር ይለበድና የመጀመሪያው ገጽ በአበባ፣ በልብና በኮከብ ይሞላል፤ የትምህርቱ ስም ግን መሀል ላይ ተውጦ ይቀራል። ከዚያ ሁሉ ጌጥ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ሐረግ ይበልጣል። ሐረግ በብራና መጻሕፍት ላይ ከጽሑፉ ራስጌ የሚሳል፣ እንደ ተክሉ ሐረግ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ጌጥ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ በትግራይ በሚገኘው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጻሕፍት ላይ የሚታየው እጅግ ረቂቅ ነው። እዚህ የምናሳየው ግን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሊወጣው የሚችለውን፣ ባለ ሁለት ገመዱን ነው።

የሚያስፈልጉት በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ ነጭ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ፣ ባለ 12 ከለርና ከገጹ ሥር የሚገባ ካርቶን ናቸው። ካርቶኑን አትተዉት፤ ያለ እሱ እስክሪብቶው የሚጫነው ሁሉ በቀጣዮቹ ገጾች ላይ ሰርጉዶ ይታያል። ፓርከር አይሆንም። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ሁለተኛውንም ቅጠል ያበላሻል።

መጀመሪያ ደብተሩ በሽቦ ከተሰፋበት በኩል 1.5 ሳ.ሜ፣ በቀሩት ሦስት ጎኖች 1 ሳ.ሜ ትታችሁ በእርሳስ ክፈፍ አስምሩ። የክፈፉ ውስጥ ስፋት 13 ሳ.ሜ ከሆነ፣ ግራና ቀኝ 5 ሚ.ሜ ተዉና በቀረው 12 ሳ.ሜ ላይ ጎናቸው 2 ሳ.ሜ የሆኑ 6 ካሬዎች ደርድሩ። የእናንተ ገጽ ጠበብ ካለ 5 ካሬ አድርጉና ትርፉን ለሁለቱ ጎኖች እኩል አካፍሉ። ከካሬዎቹ በላይና በታች 4 ሚ.ሜ ርቃችሁ የሐረጉን ድንበር አስምሩ፤ ገመዱ ሲታጠፍ የሚወጣው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

በየካሬው ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር አሳልፋችሁ ኤክስ ሥሩ። ከእያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኝ 2 ሚ.ሜ ርቃችሁ ሌላ መስመር ስትጨምሩ 4 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ገመድ ይወጣል። ካሬና ካሬ በሚገናኙበት ላይ ሹል የሆነውን ጥግ በእጅ አክብቡት። በሁለቱ ዳር የቀሩትን ጫፎች ጎበጥ ባለ መስመር አገናኟቸው።

ሥራው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው መገናኛው ላይ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚወጣው ገመድ ሁልጊዜ ከላይ ያልፋል። ስለዚህ በየኤክሱ መሀል የሚወርደውን ገመድ ጠርዞች ብቻ አጥፉ። በአንዱ ካሬ የሚወጣውን፣ በቀጣዩ የሚወርደውን ከላይ ካደረጋችሁ አንዱ ገመድ በሌላው ላይ የተኛ ይመስላል እንጂ አይገመድም። ላጲስ ከማንሳታችሁ በፊት ከላይ የሚያልፈውን በነጥብ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ጠርዙን በጥቁር እስክሪብቶ አድምቁት፤ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ የእርሳሱን መስመር አጥፉ። ከለር የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው። ከለር ሰም ስላለው በላዩ ላይ ስትጽፉ የእስክሪብቶው ጫፍ ይደፈንና መስመሩ ይቆራረጣል። አንዱን ገመድ ቀይ፣ ሌላውን ቢጫ፣ በመሀል ያለውን ክፍተት ጥቁር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ አድርጉት። ክፍተቱ ጠቆር ካላለ ገመዱ ጎልቶ አይወጣም። ለየትምህርቱ የክፍተቱን ቀለም ብቻ መቀያየር ደብተሮቹን ለመለየት ይበቃል፤ ሐረጉን መለወጥ አያስፈልግም።

የትምህርቱ ስም ከሐረጉ ሥር ሁለት መስመር ተዘሎ ይጻፋል። ፊደሉ 2 ሳ.ሜ ስፋት፣ በመሀል 5 ሚ.ሜ ክፍተት ይኑረው። «ሒሳብ» ሦስት ፊደል ስለሆነ 7 ሳ.ሜ ይፈጃል፤ ከ13 ሲቀነስ 6 ይቀራል፣ ስለዚህ ከክፈፉ 3 ሳ.ሜ ገብታችሁ ጀምሩ። «አካባቢ ሳይንስ»ን በሁለት መስመር ክፈሉት። የ«ሒ» ቅጥል ከእግሯ ወደ ቀኝ ስለሚወጣ ከ«ሳ» ጋር እንዳትነካካ ተጨማሪ 2 ሚ.ሜ ስጧት። «አማርኛ» ስትጽፉ ደግሞ የ«ኛ»ን አካል ከሌሎቹ አሳጥሩት፤ አለበለዚያ አናቷ ላይ ያለው ሰረዝ ከመስመሩ በላይ ይወጣል። የቆመው መስመር ወፍራም (4 ሚ.ሜ)፣ የተጋደመው ቀጭን ሲሆን ፊደሉ የብራና ጽሕፈትን መልክ ይይዛል። በብራና ላይ ቅዱሳት ስሞችና አርእስት በቀይ እንደሚጻፉ፣ እናንተም ቀዩን እስክሪብቶ ለትምህርቱ ስም ብቻ አስቀሩት። የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ ትምህርት ቤትና የትምህርት ዘመን በጥቁር፣ በታችኛው ሲሶ ይስፈሩ።

ገጹ ከተበላሸ አትቅደዱት። በሽቦ የተሰፋ ደብተር የመጀመሪያ ቅጠሉ ከመጨረሻው ጋር አንድ ወረቀት ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይላላል። በምትኩ ነጭ ወረቀት በክፈፉ ልክ ቆርጣችሁ እሱ ላይ እንደገና ሥሩና ለጥፉት። ኮላውን በጠርዞቹ ብቻ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሲበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል። ደብተሩን ዝጉና ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁበት አሳድሩት።